ከኩባንያዎች ጠበቃነት ወደ ሞኖፖሊ ተፋላሚነት፦ የሉዊስ ብራንዳይስ ሕይወት

የዚህ የመገናኛ መጽሐፍ አዘጋጆች የአንድ ታዋቂ የሕግ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ብዙዎቻችሁ ከአገራችን አንጋፋ ዳኞች ወይም ከፋኩልቲያችን ቀደምት መምህራን አንዱን እንደምመርጥ ጠብቃችሁ ይሆናል። እነሱን በቅርብ የሚያውቁ፣ አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች በመካከላችን ስላሉ ያንን ለእነሱ ትቼዋለሁ። እኔ የመረጥኩት በሥራዬ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ስማቸው ከጠረጴዛዬ ያልጠፋውን አሜሪካዊ ጠበቃና ዳኛ ሉዊስ ዴምቢትዝ ብራንዳይስን ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። የእኛ ባች ሲመረቅ የውድድር ሕግ የሚባል ነገር በአገራችን ገና ስሙም በደንብ አልተሰማም ነበር። የመጀመሪያው የንግድ አሠራር አዋጅ፣ ቁጥር 329፣ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ 685/2002 ተከተለ፤ ከዚያ ደግሞ 813/2006። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ይህን ሕግ የተማርኩት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ሥራ ላይ ሆኜ ነው። አሁን ወጣት ተመራቂዎች ቢሮዬ እየመጡ በዚህ ሕግ እንጀራ ይበላበታል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ከበድ ይላል፤ ለትልቁ ኩባንያ ነው የምሠራው ወይስ ኩባንያው ለሚጫነው? ሁለቱንስ በአንድ ዕድሜ መሥራት ይቻላል? ብራንዳይስ ሁለቱንም ሠርተዋል፤ ዋጋውንም ከፍለዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእህል ነጋዴው ልጅ

ብራንዳይስ ኖቬምበር 13 ቀን 1856 በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አዶልፍና እናታቸው ፍሬደሪካ ከፕራግ የመጡ አይሁዶች ነበሩ፤ ከ1848ቱ የአውሮፓ አብዮት መክሸፍ በኋላ ነው ባሕር የተሻገሩት። አባትየው በእህል ንግድ ተሳክቶላቸዋል። ቤተሰቡ ባርነት በነበረበት ግዛት እየኖረ ባርነትን ይቃወም ነበር። በቤተሰቡ ውስጥ ሉዊስ ናፍታሊ ዴምቢትዝ የሚባሉ ጠበቃ አጎት ነበሩ፤ ሕግንም ፖለቲካንም ለልጁ ያስወደዱት እሳቸው ናቸው። ብራንዳይስ ሲወለዱ የመካከል ስማቸው ዴቪድ ነበር፤ ለአጎታቸው ካላቸው ፍቅር የተነሣ ወደ ዴምቢትዝ ቀየሩት።

በ1872 ንግዱ ሲቀዘቅዝ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አውሮፓ ሄደ። ወጣቱ ሉዊስ ጀርመን ውስጥ በድሬስደን ከተማ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1875 ተመልሰው፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ሳይኖራቸው፣ በ18 ዓመታቸው የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤትን ተቀላቀሉ። በዚያን ጊዜ ዲኑ ክሪስቶፈር ላንግዴል ናቸው፤ ተማሪው የመምህሩን ማስታወሻ ከመሸምደድ ይልቅ የተወሰኑ ፍርዶችን አንብቦ ክፍል ውስጥ እንዲከራከር የሚያደርገውን ዘዴ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ብራንዳይስ በዚህ ዘዴ ዓሣ ባሕር እንደገባ ሆኑ። ችግሩ ዓይናቸው ነበር። በጋዝ መብራት ሲያነቡ እየደከመ መጣና ሐኪሞች ትምህርቱን ቢተዉት እስከ ማለት ደረሱ። እሳቸው ግን የክፍል ጓደኞቻቸው እያነበቡላቸው ይሰሙና በቃላቸው ይይዙ ጀመር። በ1877 ሲመረቁ ገና 20 ዓመታቸው ነበር፤ ዕድሜያቸው ለዲግሪ ስላልደረሰ ዩኒቨርሲቲው በልዩ ውሳኔ ነው ያስመረቃቸው። ያስመዘገቡት ውጤት ለብዙ አሥርት ዓመታት በትምህርት ቤቱ ታሪክ ከፍተኛው ሆኖ ቆይቷል።

እኛን የተመራቂዎች ማኅበር አባላት የሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጥቀስ። በ1886 የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የተመራቂዎች ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱና ጸሐፊው ብራንዳይስ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች የሃርቫርድ ሎው ሪቪውን ሲጀምሩም ገንዘብ በማሰባሰብና በማማከር ከጎናቸው ቆመዋል። በእኛ ፋኩልቲ በ1964 የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ሲጀመር የደከሙትን የምታስታውሱ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ደጅ እንደሚያስጠና ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤቱ በ1882 የማስረጃ ሕግ እንዲያስተምሩ ጋብዟቸው ለአንድ ዓመት አስተምረዋል። ቋሚ መምህር ሁኑ ሲባሉ ግን ልባቸው ፍርድ ቤት ነበርና እምቢ አሉ።

ቦስተን፦ እንጀራውና መተዳደሪያው

በሴንት ሉዊስ ጥቂት ወራት ከሠሩ በኋላ በ1879 ቦስተን ገቡ። ከክፍል ጓደኛቸው ከሳሙኤል ዋረን ጋር ቢሮ ከፈቱ። ዋረን የሀብታም ወረቀት አምራች ቤተሰብ ልጅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የመጡትም በእሱ በኩል ነበር። ሁለቱ በ1890 አብረው በሃርቫርድ ሎው ሪቪው ያሳተሙት ስለ ግላዊነት መብት የሚናገር ጽሑፍ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል።

ብራንዳይስን ከሌሎች ጠበቆች የለያቸው ነገር ግን ቀላል የሚመስል የሥራ ልማድ ነበር። ደንበኛው ክርክር ይዞ ሲመጣ እሳቸው የሚጠይቁት ስለ ንግዱ ነው። ጫማው እንዴት ይሰፋል? ቆዳው ከየት ይመጣል? ሠራተኛው በዓመት ስንት ወር ሥራ ያገኛል? የሂሳብ መዝገቡን ራሳቸው ገልብጠው ያዩታል። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ስለ ራሱ ፋብሪካ ከሚያውቀው የበለጠ አውቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ደንበኞቻቸው ከተከሰሱ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከመከሰሳቸው በፊት ይመጡ ጀመር። በ1890 አካባቢ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ50,000 ዶላር በላይ ነበር፤ አብዛኛው የአሜሪካ ጠበቃ በዚያን ጊዜ 5,000 ዶላር እንኳ አያገኝም።

በ1891 አሊስ ጎልድማርክን አገቡ፤ ሱዛንና ኤልሳቤጥ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ባልና ሚስቱ አንድ ነገር ተስማሙ፤ በቁጠባ መኖርና ገንዘቡን ነፃነት መግዣ ማድረግ። ቤታቸው የመጣ እንግዳ ምግቡ እጅግ ቀላል፣ የቤት ዕቃውም ያረጀ ሆኖ ያገኘው ነበር። ይህ ለሐሜት የሚበቃ ንፉግነት ይመስላል እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ብራንዳይስ የደንበኛ ገንዘብ የማያስፈራው ጠበቃ መሆን ፈልገዋል፤ ለዚህ ደግሞ ከራሱ ገቢ በታች የሚኖር ሰው መሆን እንደሚያስፈልግ ገብቷቸዋል።

ያለ ክፍያ መሟገት

ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጊዜያቸውን ለሕዝብ ጉዳዮች ማዋል ጀመሩ። መጀመሪያ የቦስተን የከተማ ባቡር ኩባንያ መንገዶቹን ለረጅም ዘመን በብቸኝነት ለመያዝ ሲጠይቅ ተቃወሙ። ቀጥሎ የጋዝ ጉዳይ መጣ። የቦስተን ጋዝ ኩባንያዎች ተዋህደው ነበር፤ ብዙዎቹ ተቃዋሚዎች ኩባንያውን መቅጣት ነው የፈለጉት። ብራንዳይስ ያቀረቡት መላ ግን ሁለቱንም ወገን የሚያስታርቅ ነበር፤ ኩባንያው የጋዝ ዋጋ በቀነሰ ቁጥር ለባለ አክሲዮኖቹ ከፍ ያለ የትርፍ ድርሻ እንዲከፍል ይፈቀድለት የሚል። በ1906 ሕግ ሆነ፤ የአንድ ሺህ ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ ዋጋ ከ90 ወደ 80 ሳንቲም ወረደ።

የሕይወት ኢንሹራንሱ ጉዳይ ደግሞ እሳቸው ከሁሉም ሥራቸው አብልጠው የሚኮሩበት ነበር። ትልልቆቹ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከድሃ ሠራተኞች በየሳምንቱ ሳንቲም ይሰበስባሉ፤ አብዛኛው ገንዘብ ለሰብሳቢውና ለአስተዳደሩ ያልቃል፤ ሠራተኛው ጥቂት ሳምንት ካቋረጠ ደግሞ የከፈለው ሁሉ ይቀርበታል። ብራንዳይስ ቁጥሩን አስልተው፣ የቁጠባ ባንኮች ራሳቸው ኢንሹራንሱን በርካሽ እንዲሸጡ የሚፈቅድ ሕግ በ1907 በማሳቹሴትስ አስጸደቁ። ልብ በሉ፤ ኩባንያዎቹ ይከሰሱ አላሉም። ተወዳዳሪ ነው ያመጡባቸው። እኔ ለወጣት ጠበቆች ይህን ታሪክ የምነግራቸው ለዚሁ ነው፤ የውድድር ሕግ ባለሙያ ሥራ ክስ መመሥረት ብቻ አይደለም፣ ገበያው ለምን ተዘጋ ብሎ በሩን መፈለግም ነው።

በ1908 በኦሪገን ግዛት የሴቶችን የሥራ ሰዓት የሚገድበው ሕግ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲታይ ያቀረቡት የጽሑፍ ክርክር ከመቶ ገጽ በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ ስለ ሕግ የሚያወራው ሁለት ገጽ ያህል ብቻ ነው። ቀሪው የሐኪሞች፣ የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎችና የኮሚቴዎች ሪፖርት ነበር፤ ያን ሁሉ ያሰባሰበችው የሚስታቸው እህት ጆሴፊን ጎልድማርክ ከረዳቶቿ ጋር ሆና ነው። ክርክሩን አሸነፉ። እንዲህ ያለው የጽሑፍ ክርክር እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

የባቡሩ ጦርነት

ከሁሉም ረጅሙና መራራው የኒው ሄቨን ባቡር ኩባንያ ጉዳይ ነው። በባንክ ባለቤቱ በጄ.ፒ. ሞርጋን የሚደገፈውና በቻርልስ ሜለን የሚመራው ይህ ኩባንያ በኒው ኢንግላንድ ያሉትን የባቡር፣ የመርከብና የከተማ ትራም መስመሮች አንድ በአንድ እየገዛ ነበር። በ1907 ቦስተን ኤንድ ሜይን የተባለውን ትልቅ ተፎካካሪ መስመር ሊጠቀልል ተነሣ። ብራንዳይስ ተቃወሙ፤ ክፍያም አልቀበልም አሉ። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ያጠፉት ጊዜ የቢሮ ሸሪኮቻቸውን ገቢ እንዳይጎዳ ብለው ከኪሳቸው 25,000 ዶላር ያህል ለራሳቸው ቢሮ ከፈሉ።

እንደ ልማዳቸው መዝገቡን ገለበጡ። ያገኙት ነገር ሰው ያላመነው ነበር፤ ይህ የማይነቃነቅ የሚመስል ኩባንያ ያልሆነ ዋጋ እየከፈለ መስመሮችን በመግዛቱ ዕዳው እየቆለለ ነው፤ የትርፍ ድርሻውን መቀነሱ አይቀርም። ይህን በጽሑፍ አሳትመው አሰራጩ። ተሳቀባቸው፤ ጋዜጦች ዘለፏቸው። የኩባንያው አክሲዮን እኮ የመበለቶችና የጡረተኞች ቁጠባ የተቀመጠበት ነበርና የቦስተን ትልልቅ ቤተሰቦች የአክሲዮን ዋጋ አዋራጅ ብለው ጠመዷቸው። በ1909 የማሳቹሴትስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ውህደቱን የሚያመቻች ሕግ አወጣ፤ ብራንዳይስ ተሸነፉ።

አራት ዓመት አለፈ። የባቡር አደጋዎች ተደጋገሙ፣ ዕዳው ገዘፈ። በ1913 ሜለን ከሥልጣን ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኩባንያው ለ40 ዓመት ሳያቋርጥ ሲከፍል የኖረውን የትርፍ ድርሻ አቆመ። በ1914 የፌዴራሉ መንግሥት ክስ ሲያንዣብብበት ኩባንያው ቦስተን ኤንድ ሜይንንና ትራሞቹን ለመልቀቅ ተስማማ። ብራንዳይስ ትክክል ነበሩ፤ ግን ትክክል መሆናቸው ወዳጅ አላፈራላቸውም። ገንዘቡን ያጣው ሰው ከአስጠንቃቂው ጋር እንጂ ካጠፋው ጋር አልተጣላም።

የጫማ ማሽኑ ጥያቄ

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ ደርሰናል። የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉ አንዳንድ አድናቂዎቻቸው እዚህ ላይ ፈጠን ብለው ያልፋሉ፤ እኔ ግን ለእኛ ሙያ ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው እላለሁ።

በ1899 የጫማ ማሽን አምራቾች ተዋህደው ዩናይትድ ሹ ማሽነሪ የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። የኩባንያው ጠበቃ የብራንዳይስ ቢሮ ነበር፤ ብራንዳይስ ራሳቸው የዳይሬክተሮች ቦርድ አባል ነበሩ። ኩባንያው ማሽኖቹን አይሸጥም፤ ያከራያል። ውሉ ደግሞ ተከራዩ ለሌላው የጫማ ሥራ ደረጃ የተፎካካሪ ማሽን እንዳይጠቀም ያስራል። ዘይት ልግዛ ያለ ባለ ሱቅ ያልፈለገውን ሳሙና አብረህ ካልወሰድክ ሲባል አይታችሁ ከሆነ ነገሩ በመሠረቱ ያው ነው። በ1906 ይህን ዓይነት ውል የሚከለክል ረቂቅ ሕግ በማሳቹሴትስ ሲቀርብ ብራንዳይስ ለኩባንያው ቆመው ተከራከሩ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ከቦርዱ ለቀቁ፤ ቀጥለውም ጥብቅናውን ተዉ። ቶማስ ፕላንት የሚባሉ የጫማ አምራች የራሳቸውን ማሽኖች ሠርተው ለመወዳደር ሲነሡ ብድር አጡ፤ በ1910 ድርጅታቸውን ዩናይትድ ገዛው። በዚህ ጊዜ ብራንዳይስ ነፃነት የሚፈልጉ የጫማ አምራቾችን ማማከር ጀመሩ። በ1911 በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው የእነዚያኑ የኪራይ ውሎች ጉዳት አስረዱ።

ኩባንያው ከዳን አለ። ትናንት ምስጢራችንን ያወቀ ጠበቃ ዛሬ እንዴት ባላጋራችን ይሆናል? ብራንዳይስ በበኩላቸው ከለቀቁ በኋላ ዓመታት እንዳለፉ፣ ነገሩም እንደተለወጠ፣ የፕላንት ጉዳይ ዓይናቸውን እንደከፈተላቸው አስረዱ። እኔ ሁለቱንም ወገን ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ሐሳብን መለወጥ ነውር አይደለም፤ የቀድሞ ደንበኛ በነበረበት በዚያው ጉዳይ ላይ ከሌላው ጎን መቆም ግን ዛሬ በየትኛውም የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጥያቄ የሚያስነሣ ነው። የገበያውን ችግር በትክክል አይተዋል ብዬ አምናለሁ፤ ማማከሩን ግን ለሌላ ጠበቃ ቢተዉት ይሻል ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ። ተማሪዎቻችሁ በዚህ ጉዳይ ላይ ቢከራከሩ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አይበቃቸውም።

ከዊልሰን ጋር

ኦገስት 28 ቀን 1912 ብራንዳይስ በኒው ጀርሲ፣ ሲ ገርት በሚባል የባሕር ዳርቻ ከፕሬዚዳንታዊ ዕጩው ዉድሮ ዊልሰን ጋር ምሳ በሉ፤ ለሰዓታትም ተወያዩ። ክርክሩ ይህ ነበር። የ1890ው የሸርማን ሕግ ሞኖፖሊን ይከለክላል፤ ግን አጭርና ጥቅል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1911 ስታንዳርድ ኦይልን ሲበትን ሕጉ የሚከለክለው ያለ ምክንያት ንግድን የሚገድበውን ብቻ ነው ብሎ ተረጎመው። ታዲያ ምክንያታዊ የሆነውን ከሌላው ማን ይለይ? ሌላው ዕጩ ቴዎዶር ሩዝቬልት ትልልቅ ኩባንያዎች አይቀሬ ናቸው፤ መንግሥት ይቆጣጠራቸው ይሉ ነበር። ብራንዳይስ ግን ቁጥጥር የሚያስፈልገው ውድድሩ ነው፣ ውድድር ከተጠበቀ ሞኖፖሊ አይበቅልም ብለው አስረዱ። ዊልሰን ይህን ሐሳብ ይዘው ተወዳደሩ፤ አሸነፉም።

ብራንዳይስ በሃርፐርስ ዊክሊ ያወጧቸውን ጽሑፎች በ1914 «የሌሎች ሰዎች ገንዘብ» በሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ጥቂት ባንኮች በሕዝብ ቁጠባ የኩባንያዎችን ቦርድ እንዴት እንደሚቆጣጠሩ፣ አንድ ሰው በተፎካካሪ ድርጅቶች ቦርድ ውስጥ ሲቀመጥ ውድድሩ እንዴት እንደሚሞት አሳዩ። በዚያው ዓመት ሁለት ሕጎች ወጡ። አንዱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንን አቋቋመ። ሌላው የክሌይተን ሕግ ሲሆን፣ ውድድርን የሚጎዳ አስሮ መሸጥን፣ ውድድር የሚያዳክም የአክሲዮን ግዢንና በተፎካካሪዎች ቦርድ መደራረብን ገደበ። የእኛን 813/2006 ዓ.ም. አዋጅ ስለ ገበያ የበላይነትና ስለ ውህደት የሚናገሩ አንቀጾች የሚያስተምር መምህር፣ የነዚህን ጥያቄዎች የቆየ መልክ እዚያ ያገኘዋል።

አራት ወር የፈጀው ሹመት

ጃንዋሪ 28 ቀን 1916 ዊልሰን ብራንዳይስን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት አጩ። አገር ተናወጠ። ከዚያ በፊት አይሁዳዊ በዚያ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም። የሴኔቱ ንዑስ ኮሚቴ ምስክር መስማት ጀመረ፤ የዩናይትድ ሹ ፕሬዚዳንት ቀርበው መሰከሩባቸው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ታፍትና ሌሎች የቀድሞ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ፕሬዚዳንቶች አይገባቸውም ብለው ጻፉ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሎዌል ከሌሎች ታዋቂ የቦስተን ሰዎች ጋር የተቃውሞ ፊርማ አኖሩ። በአንጻሩ ከሕግ ትምህርት ቤቱ 11 መምህራን 9ኙ ደገፏቸው። በዚህ መካከል የተነሣው የጫማ ማሽኑ ጥያቄ እውነተኛ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ በዙሪያው የተሰለፈው ጠላትነት ግን ሁሉም ስለ ሥነ ምግባር አልነበረም። ጁን 1 ቀን ሴኔቱ 47 ለ22 በሆነ ድምፅ አጸደቀላቸው።

በወንበሩ ላይ 23 ዓመት ያህል ቆዩ። ዳኛ ማክሬይኖልድስ በአይሁዳዊነታቸው ምክንያት ለዓመታት አላነጋገሯቸውም፤ እሳቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። የዩናይትድ ሹ ጉዳይ በ1918 ፍርድ ቤቱ ዘንድ ሲደርስ በውሳኔው አልተሳተፉም። በዚያው ዓመት በቺካጎ ቦርድ ኦፍ ትሬድ ጉዳይ የፍርድ ቤቱን ሙሉ ድምፅ ያገኘ ውሳኔ ጻፉ። የእህል ገበያ አባላት ከግብይት ሰዓት በኋላ በመዝጊያው ዋጋ ብቻ እንዲገዙ የሚያስገድደው ደንብ ሕገ ወጥ ነው ወይ ነበር ጥያቄው። ብራንዳይስ ማንኛውም የንግድ ስምምነት አንድን ነገር ይገድባልና፣ የንግዱ ጠባይ፣ ከገደቡ በፊትና በኋላ የነበረው ሁኔታ፣ ዓላማውና ውጤቱ ይታይ አሉ፤ ደንቡንም አጸኑት። የእህል ነጋዴው ልጅ ስለ እህል ገበያ የጻፉት ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ በየክፍሉ ይነበባል። በብዛት የሚጠቅሱት ግን የተከሳሽ ጠበቆች መሆናቸው የታሪክ ቀልድ ነው።

በ1933 ፍሎሪዳ ብዙ ቅርንጫፍ ባላቸው መደብሮች ላይ የጣለችውን ከፍ ያለ ግብር ፍርድ ቤቱ ሲሽር ረጅም የልዩነት ሐሳብ ጻፉ። 200 ታላላቅ ኩባንያዎች የአገሪቱን ሀብት ምን ያህል እንደያዙ በቁጥር አሳይተው፣ አንድ ግዛት መጠንን መገደብ ቢፈልግ ሕገ መንግሥቱ አይከለክለውም ብለው ተከራከሩ።

የማይስማሙባቸው ሰዎች የሚያነሡትም መነገር አለበት። አምራች የችርቻሮ ዋጋ እንዲወስን ይፈቀድለት የሚለው አቋማቸው ትናንሽ ሱቆችን ለመጠበቅ የታሰበ ነው፤ ሸማቹ ግን በውድ ይገዛል። ከትልቅነት የሚገኝ ቅልጥፍናን አቃልለዋል የሚሉ ኢኮኖሚስቶች ብዙ ናቸው። ዳኛ ሆነው ሳሉ ለሃርቫርዱ መምህር ለፊሊክስ ፍራንክፈርተር የሕዝብ ሥራ በየጊዜው ገንዘብ ይሰጡ እንደነበር ከሞቱ በኋላ ሲታወቅም አነጋግሯል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ግዙፎች ጉዳይ ሲነሣ ስማቸውን አንግቦ የተነሣ የሕግ ምሁራን ቡድን አለ፤ ክርክሩ ከሞቱ 80 ዓመት አልፏቸውም አልበረደም።

በፌብሩዋሪ 1939 ጡረታ ወጡ፤ ኦክቶበር 5 ቀን 1941 በዋሽንግተን አረፉ። በሕይወት ሳሉ በትውልድ ከተማቸው የሚገኘውን የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ለማሳደግ መጻሕፍትና ሰነዶች ሲልኩ ኖረዋል። አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ ያረፈው በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሥር ነው፤ ባለቤታቸው አሊስም ኋላ እዚያው ተቀበሩ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1948 በማሳቹሴትስ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ።

ወጣቶቹ ሲጠይቁኝ የምመልሰው እንዲህ ነው። አዎ፣ በዚህ ሕግ እንጀራ ይበላል። መጀመሪያ ሂሳብ መዝገብ ማንበብ ተማሩ፤ ስለ ሲሚንቶ ስትከራከሩ ሲሚንቶ እንዴት እንደሚመረት እወቁ። ለትልቅ ኩባንያ መሥራት አያሳፍርም፤ ብራንዳይስ ገበያን ያወቁት በዚያ በር ገብተው ነው። ነገር ግን አንድ ቀን እምቢ ለማለት የሚያስችላችሁን ገንዘብ ከወዲሁ አስቀምጡ፤ እምቢ ካላችሁ በኋላም የማን ፋይል በእጃችሁ እንደነበረ አትርሱ። መምህራኖቻችንን ደግሞ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የውድድር ሕግን ስታስተምሩ ከአዋጁ አንቀጽ ጋር አንድ እውነተኛ የገበያ ጥናት ተማሪው እጅ ላይ አኑሩለት፤ ሁለት ገጽ ሕግ፣ መቶ ገጽ ሐቅ። እኛ ተመራቂዎች በየመሥሪያ ቤታችን ያለንን ልምድና ማስረጃ፣ ምስጢር ያልሆነውን፣ ለክፍሉ ብናቀርብ ሥራው ይቀላል። በዚህ ጉዳይ መርዳት የምትፈልጉ በበዓሉ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ አግኙኝ፤ ስማችሁን እመዘግባለሁ።